ለላፕቶፔ የኔትወርክ ገመድ ስመርጥ

ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር በገመድ ለማገናኘት ቆርጫለሁ። ዋይፋይ እያለ ገመድ መዘርጋት ለብዙ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይመስለዋል። በስብሰባ መካከል ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ወይም ተልኮ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ትልቅ ፋይል ሲቋረጥ የሚሰማኝን ስሜት ግን እኔ አውቀዋለሁ። ዋይፋይ የጋራ አየር ነው። በአንድ ቻናል (የሬዲዮ ሞገድ መስመር) ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ፣ የጎረቤትም ጭምር፣ የሚናገሩት ተራ እየጠበቁ ነው። ግድግዳ ያዳክመዋል፤ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ማይክሮዌቭ ምድጃ እንኳ ይረብሸዋል። በገመድ ሲሆን ላፕቶፑና ራውተሩ ለብቻቸው ይነጋገራሉ፤ በአንድ ጊዜም ይልካሉ፣ ይቀበላሉ።

ገመዱን መምረጥ ስጀምር የገጠመኝ የገመድ ደረጃን (በአጭሩ “ካት”) የሚያሳይ የቁጥር ሰልፍ ነው፦ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 6ኤ፣ ካት 7፣ ካት 8። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ገመዱ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ለገዥ ቀላል፣ ለሻጭም ምቹ ነው። እኔ ግን የጀመርኩት ከላፕቶፑ ነው። የአብዛኛው ላፕቶፕ የኔትወርክ ሶኬት በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) አያልፍም። ይህን ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሸከማል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው መስፈርት ደግሞ በዚሁ ገመድ 2.5 ጊጋቢት እንዲተላለፍ አስችሏል። ካት 6 እስከ 55 ሜትር ገደማ 10 ጊጋቢት ይችላል፤ ካት 6ኤ ያንኑ እስከ 100 ሜትር ያደርሰዋል። ካት 8 ለመረጃ ማዕከላት የተሠራ ነው፤ እስከ 40 ጊጋቢት ቢያስተላልፍም ርቀቱ ከ30 ሜትር አይዘልም። ለመኖሪያ ቤት ላፕቶፕ እሱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ።

ልቤን የሳበው በገመዱ ሆድ ውስጥ ያለው ሥራ ነው። ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠማዘው አራት ጥንድ ይሆናሉ። በአንድ ጥንድ ውስጥ ባሉት ሁለት ሽቦዎች ላይ የሚጓዙት ምልክቶች እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ናቸው፤ ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ከውጭ ረብሻ ሲመጣ ሽቦዎቹ ተጠማዘው ስለሚሄዱ ሁለቱንም በእኩል መጠን ይነካቸዋል፤ ልዩነቱ ሲሰላም ረብሻው ተጣፍቶ ይቀራል። አራቱ ጥንዶች የተጠማዘዙበት መጠንም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ያለ ነው፤ ይህም የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይረዳል። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ሽቦን የማጠማዘዝን ዘዴ ለስልክ መስመር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የሰው ድምፅ ለማድረስ የታሰበው ያ ዘዴ ዛሬ በሰከንድ ቢሊዮን ቢት ሲያሳልፍ ሳስብ እውነተኛ አድናቆት ይሰማኛል።

ለዚህም ነው በመዳቡ ላይ የሚደረገው ማታለል የሚያናድደኝ። አንዳንዱ ገመድ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ በስሱ መዳብ የተለበጠ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ አያሳልፍም፤ ደጋግመው ሲያጥፉትም ቶሎ ይሰበራል። የካት 5ኢም ሆነ የካት 6 መስፈርት የሚጠይቀው መዳብ ስለሆነ እንዲህ ባለው ገመድ ላይ የታተመው ቁጥር ሐሰት ነው። ገዥ ገመድ ቆርጦ ውስጡን አያይም፤ ማሸጊያውን አምኖ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ሙሉ መዳብ መሆኑ በግልጽ ያልተጻፈበትን ገመድ አልወስድም። ክብደቱም ይናገራል፦ አሉሚኒየም ከመዳብ በጣም ይቀላል። ጫፉ ተቆርጦ የሚታይ ከሆነ ደግሞ መካከሉ ብርማ ቀለም ይኖረዋል።

ጠፍጣፋውን ገመድ ምንጣፍ ሥር ለመደበቅ ስለሚመች ለጊዜው አስቤበት ነበር። ሽቦዎቹ ብዙውን ጊዜ በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ ትቼዋለሁ። በብረታ ብረት ወረቀት የተሸፈነውንም አልፈለግሁትም፤ ሽፋኑ በሚገባ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ቤቴ ውስጥም ያን ያህል የሚረብሽ ማሽን የለም። ላፕቶፕ ከቦታ ቦታ ስለሚነሳ ግን እያንዳንዱ ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራበትን ተጣጣፊ ገመድ መርጫለሁ። ነጠላና ደረቅ ሽቦ ያለው በግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለሚቀር መስመር ይሻላል።

የኔትወርክ ሶኬት የሌለው ስስ ላፕቶፕ ያለው ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ አስማሚ ያስፈልገዋል። አስማሚው ዩኤስቢ 2.0 ከሆነ በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት በላይ ማለፍ ስለማይችል ጥሩው ገመድ ለከንቱ ይሆናል፤ 3.0 መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የወሰድኩት ካት 6 ነው፤ ክብ፣ ሙሉ መዳብ፣ ከሚያስፈልገኝ ርቀት ትንሽ የሚተርፍ። ካት 5ኢ ይበቃኝ ነበር፤ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ስለነበር ወደፊት ላፕቶፕ ብቀይር ገመዱን መቀየር እንዳይኖርብኝ ብዬ ነው። እንደሰካሁት መጀመሪያ የከፈትኩት የላፕቶፑን የኔትወርክ ቅንብር ነበር። በዚያ የሚታየው ፍጥነት 100 ሜጋቢት ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ጥንዶች አንዱ ተበጥሷል ወይም መሰኪያው ላይ አልተነካካም ብዬ እጠረጥር ነበር፤ ለ100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ ለጊጋቢት ግን አራቱም ያስፈልጋሉ። የእኔ 1,000 አሳየ። አሁን የቀረኝ ገመዱን በግድግዳው ጥግ በኩል ማሳለፍ ነው፤ በማዕዘኖቹ ላይ ስለታም እጥፋት እንዳይኖረው ሰፋ አድርጌ አዞረዋለሁ።