«ቦናኖቴ» ያልኳቸው እንግዳ

ሮም ውስጥ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ አንድ አነስተኛ ሆቴል፣ በሌሊት ፈረቃ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን የደረሰብኝ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ በዕድሜ የገፉ ጣሊያናዊ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ በሙሉ አክብሮት «ቦናኖቴ፣ ሲኞሬ» አልኳቸው። ሰውየው ከበሩ ሳያልፉ ቆሙና «ክፍል የለም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ ኃላፊያችን ከቢሮው ወጥቶ «ሰው ሲገባ ቦናሴራ ነው የሚባለው፤ አንተ እኮ ይሂዱልኝ ነው ያልካቸው!» ብሎ በእንግዳው ፊት ጮኸብኝ። እሱ እንደ ልማዱ «ቱ» እያለ፣ ማለትም አንተ እያለ፣ ሲቆጣኝ፣ እኔ ደግሞ «ሌይ» እያልኩ በአክብሮት ይቅርታ ጠየቅሁት።

በጣም የቆጨኝ ልዩነቱን ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁ መሆኔ ነው። በእኛም ዘንድ አምሽቶ ደጃፍ የደረሰን ሰው «እንደምን አመሹ» ብለን እናስገባዋለን እንጂ «ደህና ይደሩ» አንለውም፤ ይህን የምንለው ስንሸኘው ወይም ወደ መኝታው ሲሄድ ነው። ጣሊያንኛውም እንዲሁ ነው፤ ቦናሴራ ለመገናኛም ለመለያያም ሲያገለግል፣ ቦናኖቴ ግን ለመለያያ ብቻ ነው። እኔ «ኖቴ» ሌሊት ማለት መሆኑን አጥንቼ ስለነበር፣ ሰላምታውን ከመጪውና ከሂያጁ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር አያያዝኩት። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ነገር ግን ኃላፊው እንግዳው ወደ ክፍላቸው እስኪወጡ ታግሦ ለብቻዬ ቢነግረኝ ኖሮ ትምህርቱ አይጎድልብኝም ነበር።

አዛውንቱ መታወቂያቸውን ሰጥተውኝ ከመዘገብኩ በኋላ ቁልፉን ሳቀብላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን ነው ቦናኖቴ የሚባለው» አሉኝ። እኔም ደገምኩት።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አዳራሹን ሞልታው ሳለ፣ ተረኛነቴን ለቀኑ ባልደረባዬ አስረክቤ ስወጣ «ቦናኖቴ» አለኝ፤ የምሄደው ልተኛ ነበርና። ኃላፊው አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ምንም አላለም።