ግዙፍ ሞተር ሳይክል በአስፋልትና በጠጠር መንገድ

ወደ 250 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሳይክል ለአስፋልትም ለኮሮኮንችም ይሆናል ሲባል ስሰማ ብኖርም፣ ነገሩን ሁልጊዜ በጥርጣሬ ነበር የማየው። የለመድኩት መካከለኛ ሞተር ሳይክል ክብደቱ ከ200 ኪሎ በታች ሲሆን ለብቻው ለሚጓዝ ሰው አያንስም፤ ረጅም መንገድ ላይ ግን ጉድለቱ ይወጣል። በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ንፋሱ ደረት ላይ ያርፋል፣ የመሪው ንዝረት ጣት ያደነዝዛል፣ ሻንጣና ሁለተኛ ሰው ሲጨመርበት ደግሞ የኋላ ሾኩ ቁጭ ይላል። አንድ ወዳጄ የራሱን ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ «ወስደህ እንደ ልብህ ፈትሸው» ብሎ ሲሰጠኝ የመጀመሪያ ፍላጎቴ ስንት እንደሚሮጥ ማየት አልነበረም። አንድ ማሽን ሁለቱን መንገድ በእርግጥ ይችላል ወይ፣ ከቻለስ ነጂውን ምን ያህል ያስከፍለዋል የሚለው ነበር የሚያሳስበኝ። ሐሳቤ ሳይበርድ ያየሁትን እዚህ አሰፍራለሁ።

የዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል መነሻው ቀላል ነበር። ቢኤምደብሊው በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር 80 ጂ/ኤስ 800 ሲሲ የሚጠጋ ሞተርና 50 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሲሆን፣ ክብደቱ ነዳጅ ተሞልቶበት እንኳ 190 ኪሎ አይደርስም ነበር። በ1981 ፈረንሳዊው ዩቤር ኦሪዮል በዚሁ ዝርያ ረጅሙን የፓሪስ–ዳካርን የበረሃ ውድድር አሸነፈ፤ በ1984 እና በ1985 ደግሞ ቤልጂየማዊው ጋስቶን ራሂዬ በተከታታይ ድሉን ወሰደ። ራሂዬ ቁመቱ አጭር ሰው ነበር፤ በዚያ ረጅም የውድድር ማሽን ላይ ተቀምጦ እግሩን መሬት ማድረስ አይሆንለትም ነበር። ስለ ቁመትና ስለ ኮርቻ ከፍታ ሲወራ እሱን የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ነገሩ ብዙም አያጽናናኝም፤ ምክንያቱም ራሂዬ ለዳካር ከመብቃቱ በፊት በ125 ሲሲ ሞቶክሮስ (በአፈርና በጉብታ ላይ በሚደረግ ውድድር) ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱም ክብደቱም አብረው አድገዋል። እኔ የነዳሁት 1254 ሲሲ፣ 136 የፈረስ ጉልበትና 249 ኪሎ ነው። በ2023 እሱን የተካው አር 1300 ጂኤስ 145 የፈረስ ጉልበት ይዞ ክብደቱ ወደ 237 ኪሎ መውረዱን ስመለከት፣ መሐንዲሶቹም ሸክሙ የት ላይ እንደሚቆረቁር የተረዱት ይመስለኛል።

በአስፋልት ላይ ስላለው ጠባይ ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ በጣም ጥሩ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ተኝተው ስለሚሠሩ የክብደቱ ማዕከል ዝቅ ያለ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ መንቀሳቀስ እንደጀመረም ክብደቱ ከእጅ ላይ የጠፋ ይመስላል። 143 ኒውተን ሜትር የሚደርሰው የማዞር ኃይል ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ስለሚገኝ፣ ከባድ መኪና ለመቅደም ማርሽ መቀነስ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የንፋስ መከላከያው ከፍ ሲል ደረቴን ጋረደልኝ፤ ሆኖም በአናቱ የሚያልፈው ንፋስ ሄልሜቴ ላይ እየተመታ ያወከኝ ስለነበር በመጨረሻ ዝቅ አድርጌ መንዳትን መረጥኩ። ይህ እንደ ነጂው ቁመት የሚለያይ ስለሆነ ሌላ ሰው የሰጠውን አስተያየት አምኖ መከላከያ መግዛት ከንቱ ነው።

የፊት ምት መዋጫው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ላይ መሪውን የሚያዞረውም፣ የመንገዱን ምት የሚውጠውም አንዱ የፊት ሹካ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ምቱን የሚውጠው ከመሪው ተለይቶ የተተከለ አንድ ሾክ ሲሆን፣ እሱንም ከሞተሩ አካል የሚነሳ ክንድ ይደግፈዋል። ጥቅሙ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ይታያል፤ አፍንጫው እምብዛም አይደፋም፣ የኋላ ተሳፋሪም ጀርባዬ ላይ አይወድቅም። ጉዳቱ ደግሞ ከዚያው ከጥቅሙ የሚመነጭ ነው። አፍንጫው ሲደፋ ነጂው ሳያስበው የሚያነበው አንድ መልእክት አለ፤ ጎማው ምን ያህል ጨብጦ እንደያዘና መንሸራተት ሊጀምር እንደሆነ በእጁ ይሰማዋል። እዚህ ላይ ያ መልእክት ደብዝዞ ነው የሚደርሰው። በደረቅ አስፋልት አልጎደለብኝም፤ ልል ጠጠር ላይ ግን የፊት ጎማው የት እንዳለ በእጄ ሳይሆን በዓይኔ ለማወቅ የሞከርኩባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ፍርዴን የወሰነው ሩጫው አልነበረም። እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል እውነተኛ ክብደቱን የሚያሳየው ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት በማይበልጥ ጉዞ ላይ ነው። ፍጥነት ሲኖር ጎማዎቹና የመሪው አቀማመጥ ማሽኑን ራሳቸው ቀጥ አድርገው ይይዙታል፤ ፍጥነቱ ሲሞት ሥራው ሁሉ ወደ ነጂው ይመጣል። ቀጥ ብሎ ከቆመ በሁለት ጣት የሚያዝ ማሽን ነው። አሥር ዲግሪ ሲያዘነብል ግን መሪውን ይዞ ለመመለስ በግምት 20 ኪሎ የሚያህል ግፊት ይጠይቃል፤ ሃያ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይህ በእጥፍ ያድጋል፤ ጠጠር ላይ የቆመ አንድ እግር ደግሞ ያንን ያህል ለመግፋት መደገፊያ አያገኝም። ጭነት ያዘነበለበትን በቅሎ ለመያዝ የታገለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ መልቀቅ እንጂ መመለስ የለም።

ይህንን ለማየት ብዬ ወደ አንድ ጎን የሚያዘቀዝቅ ጠባብ የጠጠር መንገድ ላይ ዞሬ ለመመለስ ሞከርኩ። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ፣ ነዳጅ በጥቂቱ እየሰጠሁ፣ የኋላውን ፍሬን ረገጥ አድርጌ፣ አንገቴን ወደምሄድበት አዙሬ መሪውን እስከ መጨረሻው አጠፍኩት። በላይኛው በኩል ማሽኑ እንደ ትንሽ ሞተር ሳይክል ታዘዘኝ፤ የሲሊንደሮቹ ዝቅ ማለት እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። ግማሹን ዙር አልፌ ቁልቁለቱ ከታችኛው እግሬ በኩል ሲሆን ግን መሬቱ ራቀኝ። ኮርቻው በዝቅተኛው ቦታ 850 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ ለጥ ባለ መሬት ላይ ሁለቱም የጫማዬ አፍንጫዎች ይነካሉ፤ ወደ ታች ባዘቀዘቀ ጎን ላይ ግን እግሬ አየር ላይ ቀረ። ዙሩ በሰላም አለቀ፤ ያለቀውም ለመቆም ብዬ ፍሬኑን ሳላጠብቅ ነዳጁን በመቀጠሌ ነው። ወዳጄ ሲያስረክበኝ «ወንድሜ፣ እግርህ የሚያርፍበትን ሳታይ እንዳትቆም» ያለኝ ለካ ይህንን ቦታ አስቦ ነው። ለሌላ ሰው ሞተር ሳይክል ባውስ የምለው እኔም ይህንኑ ነው፤ ስለ ጉልበቱማ ማስታወቂያው ይናገራል።

ከወደቀ እንዴት እንደሚነሳ ማወቅም የፍተሻው አካል ሊሆን ይገባል፤ ብዙ ሰው ግን ይህንን ይዘልለዋል። በእጅና በወገብ መሳብ ወገብ ያጠፋል። ማርሽ ውስጥ ያስገቡታል፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ያጥፉታል፣ ጀርባን ለኮርቻው ሰጥተው ቁጢጥ ብለው አንድ እጅ መሪው ላይ ሌላው የኋላው መያዣ ላይ ያደርጉና በጭን ኃይል እየገፉ ወደ ኋላ በትንንሽ እርምጃ ይሄዳሉ። በቀኝ በኩል ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድሞ መዘርጋት ይገባል፤ አለዚያ ቀና ያለው ማሽን በሌላው ወገን ሊገለበጥ ይችላል። ወጣ ብለው የሚታዩት ሲሊንደሮች እዚህ ላይ አንድ ውለታ አላቸው፤ መከላከያ ብረት ከተገጠመላቸው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ ተደግፎ ስለሚቀር ለማንሳት የሚቀረው ከፍታ ያንሳል።

ጠጠሩ ላይ ፍጥነት ሲገኝ ሁኔታው እንደገና ይለወጣል። መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ፣ መሪውን ሳይጨብጡ መያዝ ከተቻለ ማሽኑ ከታች እየተወዛወዘ ራሱን ያስተካክላል፤ ነጂው እንዲወዛወዝ ሲፈቅድለት ነው የሚረጋጋው። የፊቱ 190፣ የኋላው 200 ሚሊ ሜትር የሾክ ጉዞ ለኮሮኮንች በቂ ነው፤ ድንጋይ ለመዝለል ለሚያስብ ሰው ግን አይበቃም። ፍሬን በተመለከተ ግን ማንም ራሱን ባያታልል ጥሩ ነው፤ ልል ጠጠር ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከደረቅ አስፋልቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም ሆነ ሌላ ኤሌክትሮኒክስ መሬቱ የሌለውን ጭብጠት አይፈጥርም። የኋላውን ጎማ ኤቢኤስ የሚያጠፋው የመንጃ ምርጫ ለቁልቁለት ጠቅሞኛል፤ የኋላው ጎማ ትንሽ ሲቆለፍ ጠጠሩን ከፊቱ እየሰበሰበ ይይዛልና።

በጎማው ላይ ሁለት ነገር መባል አለበት። የፊት ቸርኬው 19 ኢንች መሆኑ እውነተኛ አስታራቂ ምርጫ ነው። 17 ኢንች የሆነው የአስፋልት ሞተር ሳይክል በቀላሉ ይታጠፋል፣ ጉድጓድ ግን ይይዘዋል፤ 21 ኢንች የሆነው ድንጋዩን ተንከባሎ ያልፋል፣ አስፋልት ላይ ግን ለመታጠፍ ይዘገያል። ሆንዳ አፍሪካ ትዊን 21 ኢንች የፊት ቸርኬ፣ 1084 ሲሲ ሞተርና 226 ኪሎ ገደማ ክብደት ይዞ የቆመው ወደ ጠጠሩ ቀረብ ብሎ ነው፤ መንገዱ ግማሽ በግማሽ ለሆነበት ሰው ያኛውን ሳይነዱ መወሰን ጥበብ አይመስለኝም። ዱካቲ ሙልቲስትራዳ ቪ4 በበኩሉ 170 የፈረስ ጉልበቱን ይዞ ወደ አስፋልቱ ያደላል። ሁለተኛው ነገር የአየር ግፊቱ ነው። ለአስፋልት የሚመከረው ከፊት 2.5፣ ከኋላ 2.9 ባር ነው፤ በዚህ ግፊት ጠጠር ላይ ሲነዳ ጎማው እንደ ድንጋይ ይነጥራል። ትንሽ አየር ሲቀነስለት ጭብጠቱም ምቾቱም ወዲያው ይሻሻላል፤ አስፋልት ላይ ከመመለስ በፊት ግን መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ መንፊያ ከሻንጣው ሊጠፋ አይገባም። የቸርኬው ሽቦዎች (ራዲየኖቹ) ከቸርኬው ጠርዝ ላይ ስለተያዙ ካላማዳሪ አያስፈልገውም፤ ሚስማር ቢወጋው ጎማውን ሳያወልቁ ቀዳዳውን ከውጭ በመወተፍ መጠገን ይቻላል። ገለል ባለ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ከአሥር የፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ሰንሰለት ሳይሆን ካርዳን፣ ማለትም የሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። በአቧራና በጭቃ ሰንሰለት ማጠብና መቀባት ለሰለቸው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የሚፈለገው የዘይት ለውጥና ላስቲክ መሸፈኛዎቹ መቀደድ አለመቀደዳቸውን ማየት ብቻ ነው። በአንጻሩ ክብደት ይጨምራል፤ ቢበላሽም ሰንሰለትን በሚቆርጥና በሚቀጥል መሣሪያ መንገድ ዳር አይጠገንም። እኔ ካርዳኑን እመርጣለሁ፤ ይህንን የምለው ስንፍናዬን ስለማውቅ ነው።

ጭነቱን በተመለከተ አንድ ስሌት አስገርሞኛል። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 465 ኪሎ ስለሆነ የማሽኑ ሲቀነስ 216 ኪሎ ይቀራል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከነልብሳቸውና ከነሄልሜታቸው፣ ሦስት የአሉሚኒየም ሻንጣ ከነመያዣ ብረቱ፣ መከላከያ ብረትና መሣሪያ ሲደመሩ ያ ሁሉ ቶሎ ያልቃል። ሻንጣዎቹ ደግሞ ጠጠር ላይ ሌላ ችግር አላቸው፤ እግር ተንሸራቶ መሬት ቢነካ ከኋላ የሚመጣው ጠርዛቸው ባት ላይ ይደርሳል። ለጠጠር የጨርቅ ሻንጣ ይሻላል። ጭነት ሲጨመር የሾኩን ውጥረት ማስተካከልም አይረሳም፤ ነጂው ሲቀመጥበት ከጠቅላላው ጉዞ ሲሶ ያህል ቢወርድ ልኩ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ አፍንጫው ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል።

በነዳጅ በኩል ቅሬታ የለኝም። 20 ሊትሩ በረጋ አነዳድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ የእኔ ወገብ ከዚያ በፊት ዕረፍት ይጠይቃል።

እንግዲህ ሁለቱን መንገድ ይችላል። አስፋልቱን ያለ ምንም ድካም ይችለዋል፤ ጠጠሩን ደግሞ መቆሚያውን አስቀድሞ ለሚመርጥ ነጂ ይችለዋል፤ ጥልቅ አሸዋና የሚያሰምጥ ጭቃ ላይ ግን ብቻዬን ይዤው ለመግባት አልደፍርም፤ ለዚያ የለመድኩት መካከለኛው ይሻለኛል። ከመንገዴ አብዛኛው አስፋልት ስለሆነ ሚዛኑ ወደ ግዙፉ ያደላል። ወዳጄ ዝቅ ያለውን ኮርቻ ሊያውሰኝ ተስማምቷል፤ እሱን አስገጥሜ፣ ሻንጣዎቹን ሞልቼና የኋላ ተሳፋሪ ይዤ ያንኑ ያዘቀዘቀ መታጠፊያ እስክሞክረው ድረስ ውሳኔዬን አሳድሬዋለሁ።