በፈረስ ወደ አባይ በረሃ

ጎጃም ተወልዶ አድጎ የአባይን በረሃ በአውቶቡስ ያልተሻገረ ሰው ብዙ አይገኝም። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ጠመዝማዛ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ተሳፋሪ ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፣ ግማሹ ሎሚ እያሸተተ ማቅለሽለሹን ያስታግሳል፤ ሁሉም የሚናፍቀው ማዶ ያለውን ነፋሻ አየር ነው። በረሃው ቶሎ ሊያልፉት የሚገባ መከራ ተደርጎ ይቆጠራል እንጂ ሰው አስቦበት የሚሄድበት ቦታ አይመስልም። እኔ ግን እረፍት የሚያሳልፉበት አገር ነው እላለሁ፤ በተለይ በፈረስ ለወረደበት ሰው።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ስናን ወዳሉት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ፈረስ ለመንኩ። ስናን በጮቄ ተራራ ሥር ያለ ብርዳም አገር ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል፣ ደህና ፈረስም ይገኝበታል።

«ለቁልቁለት የሚያስፈልግሽ በቅሎ ነው። ፈረስ ደጋ ለምዶ በረሃ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ፈረሶቹ ያንቱ ናቸው። አብረን እንውረድና አካሄዱንም ማረፊያውንም አንቱ ይወስኑ፤ እኔ አልቸኩልም» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «እንግዲያው የምንሄደው በፈረሱ ሰዓት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉዞውን የመራው ይህ ቃላቸው ነው።

ለእኔ ዳማውን፣ ቡናማውን ፈረስ፣ ሰጡኝ፤ እሳቸው ግንባሩ ነጭ የሆነውን ቦራ ያዙ። የአክስቴ ልጅ ድርቆሽ፣ ገብስና ስንቅ የጫነች አህያ እየነዳ ተከተለን። የእኛ አገር ፈረስ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ነው። ፈረስ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ያህል ቢሸከም ይበቃዋል፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ ከነኮርቻው 50 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቀመጤ በፊት ዕቃዬ ሁሉ ወደ አህያዋ ተዛወረ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር መውረድና ዛብ ይዞ መሄድም ግዴታ ሆነ።

የኮርቻ አጫጫናቸውን ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ በመዳፋቸው የፈረሱን ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ በቀስታ ጠረጉ። ከዚያ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ጨርቅ ገልብጠው በፀሐይ አቅጣጫ ዘረጉትና ክሩን በጣታቸው እየፈተሹ አንዲት የደረቀች እሾህ ነቀሉ። «ይቺ ናት ገጣባ የምታደርገው» ብለው አሳዩኝ። የኮርቻው እንጨት የጀርባውን አጥንት እንዳይነካ መሐል ላይ ክፍተት አለው፤ ጣታቸውን በዚያ ሰድደው አየር ማለፉን አረጋገጡ። የሆዱን ጠፍር አጥብቀው፣ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ ፊት እንዳይንሸራተት በጭራው ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ከኋላ አሰሩ። እሳቸው በባዶ እግራቸው፣ አውራ ጣታቸውን በትንሿ የብረት እርካብ ቀለበት ውስጥ አስገብተው ነው የሚቀመጡት፤ አባቶቻችን ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጋልቡት። ለእኔ ጫማ የሚያስገባ ሰፊ እርካብ ተፈልጎልኛል።

ከስናን በደብረ ማርቆስ፣ በሉማሜና በየትኖራ አድርገን እስከ ደጀን የሄድንበት ሜዳ ለፈረስ ምቹ ነው። ጤፍ ይወቃ ነበር፤ ከየአውድማው የሚነሳው ገለባ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ሶምሶማ የተፈቀደልኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሽምጥ ግልቢያ ማየት የፈለገ ሰው ጥር 23 እንጅባራ ይሂድ፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ ያጌጡት ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉት ማየት ያኮራል። በረሃ ሲወርዱ ግን ፈረስ የሚሮጥበት ምክንያት የለም።

ከደጀን የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ጋቢ ደርበን እጃችን በብርድ ደንዝዞ ነበር። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚጨምር፣ በአንድ ጠዋት ከደጋ ተነስቶ ወይና ደጋን አልፎ ቆላ መግባት ይቻላል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። እዚህ ግን ጋቢው ሲወልቅ፣ ከዚያ ሹራቡ ሲከተል፣ ከዚያ የፈረሱ አንገት በላብ ሲጠቁር ነው የሚታወቀው።

መኪና የማያሳየው ሌላው ነገር መሬቱ ነው። አናት ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ ኮቴ ሲያርፍበት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ደጀን አካባቢ ለሲሚንቶ የሚቆፈረውም ይኸው ድንጋይ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲባል ጂፕሰም አለ፤ እዚያ የኮቴው ድምፅ ይታፈንና የፈረሶቹ እግር እስከ ጉልበት ነጭ ይሆናል። ታች ወንዙ አጠገብ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይቀበላል። ኖራ ድንጋዩ ላይ ስንደርስ አጎቴ የቦራን ሰኮና አንስተው የተሰካ ጠጠር ሲያወጡ፣ እኔ አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ዛጎል አገኘሁ፤ ጥፍሬን የሚያህል፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ። ይህ አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ባሕር ነበር። ለአጎቴ ሳሳያቸው ድንጋዩን በአውራ ጣታቸው አሻሽተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እንዲህ ከሆነማ ጮቄም የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። አንድም መጽሐፍ ሳያነቡ የሽፋኖቹን ቅደም ተከተል አገኙት።

ፀሐይዋ ከአናት ስትቆም ኩራር ደረስን። ኩራር በሸለቆው ወገብ ላይ ያለ የቆላ መንደር ነው፤ አጎቴ እዚያ አበልጅ አሏቸው። ደጋው ገብስ ይዞ ይወርዳል፣ ቆላው ማሽላ ይዞ ይወጣል፤ ዝምድናው ከዚህ የመጣ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስንም። ፈረሶቹ ኮርቻቸው ወርዶ ከግራር ጥላ ሥር ቆሙ፤ እኛ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን፣ ልጆቹ ቁርቁራ ለቅመው አመጡልን። የዚያ ሰዓት ብርሃን በጣም ያስደስተኛል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው፣ ሣሩ ወርቃማ ሆኖ፣ ገደሉ ሁሉ አንድም ደመና በሌለው ሰማይ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ሙቀቱ ደረቅ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አያስጨንቅም።

ፈረስን ግን በጥንቃቄ መጠበቅ ያስፈልጋል። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ በጣም የበለጠ ጨው ይዞ ይወጣል። ጨው ሲጎድለው ውኃ እየጎደለውም እንኳ ጥም አይሰማውም፤ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ላይጠጣ ይችላል። አጎቴ ይህን ያወቁት ከልምድ ነው። አሞሌ ጨው በኪሳቸው ይዘው በየማረፊያው ያስልሷቸው ነበር፤ ፈረሶቹም ከላሱ በኋላ ባልዲ ሙሉ ይጨርሳሉ። በአዘቦት ቀን እንኳ አንድ ፈረስ ከ25 ሊትር በላይ ውኃ ይፈልጋል፤ በሙቀት ሲሠራ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሌላው ማረጋገጫቸው የአንገቱ ቆዳ ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይለቁታል። ወዲያው ከተመለሰ ጉዞው ይቀጥላል፤ እጥፋቱ ከቆየ ግን ማንም ቢቸኩል ፈረሱ አይንቀሳቀስም። ሰው ለመዝናናት ብሎ የያዘውን እንስሳ ማሠቃየት የለበትም። በየሎጁ ደክሞት ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ፎቶግራፍ የሚነሳ ሰው ሳይ እናደዳለሁ።

ወንዙ ዳር የደረስነው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ አሮጌው አጠገቡ አለ። እኛ ከድልድዩ ርቀን ከጎጃም በኩል ቆየን። ፈረሶቹን ወደ አባይ ማስጠጋት አልተፈቀደም፤ አዞ አለበት። የአክስቴ ልጅ ጥልቀት ከሌለው ዳርቻ በባልዲ ቀድቶ ወደ ላይ አመጣልን። አጎቴ ማዶ ያለውን ገደል እያሳዩ አርበኞች በጠላት ወረራ ዘመን ይህን በረሃ እንዴት መሸሸጊያ እንዳደረጉት አወሩን። በላይ ዘለቀን በስሙ አልጠሩትም፤ በአፋቸው እሱ ሁልጊዜ አባ ኮስትር ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትንም አባ ጠና ነው የሚሏቸው። በጎጃም ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አጎቴ ለፈረስ የሚያሳዩት አክብሮትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

መውጣቱ ከመውረዱ ይከብዳል። በጨረቃ ብርሃን ነበር የጀመርነው፤ ቀኑን ኩራር ላይ አሳልፈን በማግስቱ ማለዳ ደጀን ገባን። ዳገት ላይ ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የደረት ጠፍር ታሰረ። ፈረስ በአፍንጫው ብቻ ነው የሚተነፍሰው፤ አፍንጫው በሰፊው ሲከፈትና ጎኑ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ቆመን እንጠብቃለን። በእግር የወጣሁት ቁመት በኮርቻ ከወጣሁት ይበልጣል፤ ይህም ደስ የሚል ነበር፤ ዳማው ጭንቅላቱን ትከሻዬ አጠገብ አድርጎ እኩል ይራመድ ነበር።

በዚህ መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ወቅቱን ነው። ከክረምት መውጫ ጀምሮ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ነፍሳት በቆላ ይበዛሉ፤ ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት የደጋ ፈረስ ወደ በረሃ ባይወርድ ጥሩ ነው። ጥርና የካቲት ይሻላሉ። በዝንብ የሚተላለፈው የእንስሳት በሽታ ገንዲም በአባይ ተፋሰስ ቆላዎች የታወቀ ስለሆነ፣ ከመውረድ በፊትም ከተመለሱ በኋላም ፈረሱን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። አጎቴ ስናን ከተመለስን በኋላ ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት የፈረሶቹን ጆሮ ሥር እየዳሰሱ ትኩሳት ይጠብቁ ነበር። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን በባሶ ሊበን በኩል ልንወርድ ተነጋግረናል። አጎቴ ለዚያ ጉዞ አዲስ ኮርቻ እያሠሩ ነው፤ የዳማው ጀርባ ትንሽ ስለሰፋ አሮጌው ይጠበዋል ይላሉ።