«አሜሪካ ድረስ ሄደህ አሮጌ ፒካፕ?» ለምትሉን

አገር ቤት ያሉ ጓደኞች ዝቅ የተደረገ የ1972 ሼቭሮሌ ሲ10 ፎቶ ሲደርሳቸው ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ምን ሆኖ ነው መሬት የነካው? ሞላው ተሰበረ?» አይፈረድባቸውም። እኛ ጋ ሃይሉክስ ያለው ሰው ከፍ ያስደርገዋል እንጂ ዝቅ አያስደርገውም፣ መንገዱን ያውቀዋላ። እዚህ ካሊፎርኒያ ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፒካፕ ተገዝቶ፣ በላዩ ላይ ሌላ ገንዘብ ፈሶበት፣ ሆዱ አስፋልት እስኪስም ይወርዳል። የእኛ አይሱዙ በጭነት ብዛት በነጻ የሚያገኘውን ፈረንጅ ከፍሎ ያሠራዋል።

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። የሐበሻ መካኒክ ሞተር ላይ አያፍርም፤ የሚያፍረው ቸርኬ መሸጫው ባንኮኒ ላይ ነው። «ባለ አምስት ቡሎን፣ ሃያ ኢንች» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ «ባክስፔሲንጉስ?» ይለዋል፣ ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ልክ ማለቱ ነው። መልስ ሲጠፋ ሰውዬው ፈገግ ብሎ ቀጣዩን ደንበኛ ይጠራል። ያቺ ፈገግታ ከስድብ ትከፋለች። አገር ቤት ጎሚስታው ራሱ ይለካል፣ ካልሆነም ሌላ ያመጣል፣ በዋጋውም ትነታረካላችሁ። እዚህ ያዘዝከው ይሰጥሃል፣ አበቃ። አብዛኛው ሱቅ ደግሞ ጎማ አንዴ የተገጠመበትን ቸርኬ መልሶ አይወስድም።

የቡሎኑ ነገር ቀላሉ ክፍል ነው። ሲ10 እስከ 1970 ባለ ስድስት ቡሎን ነበር፣ የቡሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊሜትር። በ1971 የፊት ዲስክ ፍሬን ሲመጣ አምስት ሆነ፣ ክቡም 127። አሮጌ መኪና ግን ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅምና ዓመተ ምሕረቱን ሳይሆን ሜትርህን እመን። በባለ ስድስቱ ትይዩ የሆኑትን ሁለት ቡሎኖች ከመሀል እስከ መሀል ለካ። በባለ አምስቱ አንዱን ዘለህ ቀጣዩን ለካና ለ0.951 አካፍል፤ 120.8 ካገኘህ ክቡ 127 ነው። 114.7 ገደማ ካገኘህ ክቡ 120.65 ነው፤ የትንሿ የሼቭሮሌ ፒካፕ፣ የኤስ10 ነውና ከሌላኛው ጋር አይለዋወጥም።

የባለ ስድስቱ ክብ ከባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ሃይሉክስ ጋር አንድ ነው፣ ብዙ የእኛ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ቡሎኑ ይገባል፤ ግን የአዲሱ ሃይሉክስ ቸርኬ ጎማውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው ሲ10 ላይ ከሻንሲው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ባክስፔሲንግ ማለት ቸርኬው ከከበሮው ወይም ከዲስኩ ፊት ጋር ከሚገናኝበት ገጽ እስከ ውስጠኛው ከንፈሩ ያለው ርቀት ነው። ልብ በሉ፣ «8.5 ኢንች» የሚባል ቸርኬ ከከንፈር እስከ ከንፈር 9.5 ኢንች አካባቢ ነው፤ ይህን አንድ ኢንች የረሳ ስሌቱ ሁሉ ይበላሽበታል።

ለቸርኬው ያለው ቦታ የሚለካው መኪናው ዝቅ ተደርጎ፣ ፍሬኑም ተቀይሮ ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንድ ከበሮን ወደ ዲስክ ፍሬን መቀየሪያ ዕቃ ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ቀድሞ የተወሰደው ልክ ዋጋ የለውም። ጎማውን አውልቅ፣ ክሪኩን ወይም ማቆሚያውን ግን ከአክሱ ሥር አድርግ፤ ሻንሲው ሥር ካደረግከው አክሱ ይንጠለጠልና ውሸት ትለካለህ። ከበሮው ፊት ላይ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፍና መጀመሪያ ወደ ውስጥ እስከሚነካው ነገር፣ ከዚያ ወደ ውጭ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ለካ።

ለምሳሌ ወደ ውስጥ 150፣ ወደ ውጭ 140 ሚሊሜትር ተገኘ እንበል። ስፋቱ 255 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ከገባ 35 ይተርፋል። ከዚያ ውስጥ ለውስጡ 15፣ ለፓራፋንጎው 20 ስጠው፣ አክሱ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን መሄዱ አይቀርምና። ጎማው ከገጹ ወደ ውስጥ 135፣ ወደ ውጭ 120 ይሆናል፤ መሀሉ በ7.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የባለ 8.5 ኢንቹ ቸርኬ ከከንፈር እስከ ከንፈር ያለው 9.5 ኢንች ግማሹ 120.65 ሚሊሜትር ስለሆነ ድምሩ 128 ይመጣል፣ እሱም አምስት ኢንች ግድም ነው። ባንኮኒው ላይ የምትናገረው ይህችኑ ነው፦ ሃያ በስምንት ተኩል፣ ባክስፔሲንግ አምስት።

በግራ የለካኸውን ለቀኝ አትጠቀምበት። የሼቭሮሌው ሲ10 እስከ 1972 ድረስ ከኋላ በመደበኛው ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ነው ያለው፤ አክሱን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አንድ ጫፉ ሻንሲ፣ ሌላው ጫፉ አክስ ላይ የታሰረ ዘንግ ነው። መኪናው ሲወርድ የዘንጉ አቀማመጥ ስለሚለወጥ አክሱን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በአንድ በኩል ሁለት ጣት ሲገባ በሌላው ጎማው ፓራፋንጎ ይልሳል። ብዙዎች «ቸርኬው ጠማማ ነው» ብለው ይጣላሉ፤ ጥፋቱ የዘንጉ ነው። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ቀይረህ አክሱን መሀል አድርግ፣ ከዚያ ለካ። የፊቱን ደግሞ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ እያዞርክ እይ፤ የመሪው ዘንግ ጫፍና የፓራፋንጎው የኋላ ታችኛ ማዕዘን ቀድመው ይነካሉ።

ትልቅ ቸርኬ ለጉራ ብቻ የሚመስላችሁ ደግሞ ይህን እዩ፦ 255/70 አር15 (ለ15 ኢንች ቸርኬ) እና 255/45 አር20 (ለ20 ኢንች ቸርኬ) የሚባሉት ጎማዎች ቁመታቸው አንድ ነው፣ 738 ሚሊሜትር ገደማ። የጎማው ግድግዳ ግን በመጀመሪያው 178፣ በሁለተኛው 115 ነው። ጎማ ሲተነፍስ ቸርኬው መሬት ከመንካቱ በፊት ሌላ ነገር መንካት የለበትም፤ ስለዚህ ሃያው ይበልጥ ለመውረድ ቦታ ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ከቸርኬ በታች መውረድን የሚከለክለውን ሕግ ከ2024 ጀምሮ ብታነሳም መሬቱ ሕጉን አላነሳም።

መካኒክ ሆናችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ እጃችሁ እዚህም ይከበራል። ግን ኢንችና ሚሊሜትርን ሳታስቡ መቀያየር ከአሁኑ ተለማመዱ። ኤኤስኢ የሚባለው የሙያ ፈተና አለ፤ ኤ4 የመሪና የሞላ፣ ኤ5 የፍሬን ነው። ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ የሥራ ልምድም ይጠይቃል፣ በመደበኛው ሁለት ዓመት። «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» ያለ ሰው ዘይት ሲቀይር ይከርማል።

አንድ የአገር ቤት ልማድ ግን እዚያው ይቅር፦ ካልገጠመ ዋሸራ ጨምሮ ማስገደድ። ስፔሰር፣ ማለትም ከቸርኬው ጀርባ የሚገባው ወፍራም ዋሸራ፣ ሲገባ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ያንሳል። ግማሽ ኢንች ውፍረትና በኢንች 20 ጥርስ ያለው ቡሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 10 ዙር መግባት አለበት፣ በእጅህ እያዞርክ ቁጠር። የዳዶው ጫፍም ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር ይመሳሰል፤ ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ክብ መቀመጫ ያለው ዳዶ የጠበቀ ይመስልና ይላላል። አዲስ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከ80 እስከ 160 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶው በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይጠበቃል፣ ቸርኬው በቀዘቀዘበት ሰዓት።