ሰኞ እስከ ዓርብ ብረት፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይኮሎጂ

ኮምቦልቻ ላይ ማሽኒንግ (ብረትን በማሽን እየቆረጡ በልክ ማውጣት)፣ ደሴ ላይ ሳይኮሎጂ ተምሬአለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ የትኛውን ትተሽ የትኛውን ያዝሽ?» አንዱንም አልተውኩም። የማሽኒንግ ሥልጠናውን እስከ ደረጃ 4 ጨርሼ የብቃት ምዘናውን አልፌአለሁ። ከሳይኮሎጂው ዲግሪ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። ሁለቱን አብረው መማር የሚያስቡ ወጣቶች እንዴት እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ እነሆ ጻፍኩት።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ነበረኝ። ነገር ግን የተመደብኩበት ግቢ ሩቅ ነበር፤ እናቴም በዚያ ዓመት ጤና አልነበራትም። ከቤት ሳልርቅ የምማረው ነገር ስፈልግ ኮምቦልቻ ከሚገኝ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ገባሁ። ማሽኒንግን የመረጥኩት ከተማዬን አይቼ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ማሽን ባለበት ሁሉ የተበላ ዘንግ፣ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ፣ የሰፋ ቡሺንግ አይጠፋም፤ ሁሉን ከውጭ እናስመጣ ቢባል ጊዜውም ምንዛሪውም አይገኝም። ሳይኮሎጂ ከልጅነቴ የምጓጓለት ትምህርት ነበር። ደሴ ላይ የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር መኖሩን ስሰማ ዓመት ሳልቆይ ተመዘገብኩ። ዘመዶቼ «ልጅቱ ሁለት እግር አለኝ ብላ ሁለት ዛፍ ልትወጣ ነው» አሉ።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በመካከል ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወጥቼ ቅዳሜን አክስቴ ቤት አድሬ እሁድ ማታ እመለስ ነበር። በመንገድ አነባለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ የሐረጎን ጥምዝምዝ የሚያውቅ ይስቅብኛል። ስለዚህ ደብተሬን ዘግቼ ራሴን መጠየቅ ያዝኩ። ዛሬ ምን ተማርኩ? ሦስቱ ነጥቦች ምን ነበሩ? ያልመጣልኝን ብቻ ቤት ስደርስ ከፍቼ አያለሁ። ይህ ዘዴ በጥናት የተደገፈ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በልጠው ተገኙ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ራሳቸውን እየፈተኑ ያጠኑት ነበሩ። ፈተና የሚመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለምና እኔ በሚኒባሱ ዘዴ ጸናሁ።

ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙ መሆናቸውን መጀመሪያ ያየሁት ግራይንደር አጠገብ ቆሜ ነው። ቶርኖ ብረቱን እያዞረ በስለት የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ የቶርኖ ተማሪ በመጀመሪያ ወራት ከሚለማመዳቸው ነገሮች አንዱ ስለት መሳል ነው። ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለውን ጠንካራ ብረት በግራይንደር እየሳሉ የመቁረጫውን ጠርዝ ማውጣት፣ ከፊቱና ከጎኑ ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ክፍተት መስጠት ነው፤ ክፍተቱ ከጎደለ ስለቱ ከሥራው ጋር ይታሻል እንጂ አይቆርጥም። መምህራችን እጅግ የተካኑ ሰው ነበሩ። ስለቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አስነክተው፣ ውኃ ነክረው ያወጡና «አየሽ አይደል? እንዲህ ነው» ይላሉ። እኔ ያየሁት ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ደሴ ላይ ፊትስና ፖስነር የተባሉ የሳይኮሎጂ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡትን የክህሎት ደረጃዎች እየተማርን ነበር። ሰው አዲስ ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱን እርምጃ በሐሳቡ እየተናገረ ይሠራል፤ ቀጥሎ እርምጃዎቹ ይያያዙለታል፤ በመጨረሻ እጁ ያለ ሐሳብ ይሠራል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው የሚያደርገውን በቃል አስረዳ ቢባል ይቸገራል። መምህራችን አልደበቁንም፤ እውቀቱ ከአፋቸው ወደ እጃቸው ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አጠያየቄን ለወጥኩ።

«መምህር፣ አሁን ዓይንዎ የት ላይ ነው?»

እጃቸውን ገታ አድርገው አሰቡ። «ብልጭታው ላይ ነው» አሉኝ። «ብልጭታው መጀመሪያ ከታች ብቻ ነው የሚወጣው። በላይኛው ጠርዝ በኩል መዝለል ሲጀምር ደርሷል። ያን ጊዜ ታቆሚያለሽ።» ለብዙ ዓመት ሲያስተምሩ ይህን ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ ራሳቸው ገረማቸው። ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ሳገኝ «እንዴት ነው የሚሠራው?» አልልም። ምን እያዩ ነው? ምን ይሰማሉ? መቼ ያቆማሉ? እላለሁ። ለትብብር ሥልጠና በተመደብኩበት ቶርኖ ቤት፣ ጠና ያሉት ባለቤት ስለት መደንዘዙን በድምፅ እንደሚያውቁ የነገሩኝ በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ በላይ ሁለቱን ያስተሳሰረልኝ ግን የልኬት ጉዳይ ነው። አንድ ቀን መምህሩ 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፒን ከአንድ ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትርን መቶኛ ከሚለካ መሣሪያ) ጋር በክፍሉ አዞሩት። እያንዳንዳችን ለክተን ለጎረቤት ሳናሳይ በወረቀት ጻፍን። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ አንዱ የአንዱን አይመስልም፤ በመካከላቸው ከሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት የነበራቸው ነበሩ። ላልለመደ ሰው ይህ ምንም ነው። 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ በቀዳዳው ውስጥ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ ዘንግ ጂ6 በሚባለው የልክ ደረጃ ሲሠራ ከ24.980 እስከ 24.993 ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት፤ የተፈቀደው ስፋት 0.013 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ዘንግ በአንዱ እጅ ያልፋል፣ በሌላው እጅ ይጣላል። ምክንያቱን ስንፈልግ አንዱ በራቸቱ (የማጥበቂያውን ጫና በሚወስነው ጫፍ) ፋንታ ከበሮውን (የሚዞረውን እጀታ) ራሱን አጥብቆ ያዞራል፤ ሌላው ፒኑን አዛብቶ ይይዛል፤ ሌላው ደግሞ ፒኑን በመዳፉ ጨብጦ ሲያሞቀው ቆይቷል። ሙቀት በዚህ ሥራ ቀልድ አይደለም። የልኬት መነሻው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት 10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.012 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከቶርኖው ላይ ትኩሱን አውርዶ የለካ ሰው ሲቀዘቅዝ ያነሰ ዘንግ ይጠብቀዋል።

ሳምንት ሳይሞላ በሳይኮሎጂ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ግሪኒች ከሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ የአንድ ረዳት ታሪክ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1796 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ማስከሊን፣ ኪኔብሩክ የተባለ ረዳቱን የከዋክብትን ማለፊያ ሰዓት ከእርሱ ወደ 0.8 ሰከንድ አዘግይቶ ይመዘግባል ብሎ አባረረው። ከዓመታት በኋላ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቤሰል ጉዳዩን ሲመረምር፣ የሁለት ጠንቃቃ ተመልካቾች ምዝገባ እንኳ እንደሚለያይ ደረሰበት። የሰውን ምላሽ በጊዜ መለካት ከዚያ አድጎ፣ ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕሲግ ላይ በከፈተው የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ዋና ሥራ ሆነ። የክፍል ጓደኞቼ ለፈተና ሲሸመድዱት እኔ ሰሌዳው ላይ የተደረደሩትን የማይክሮሜትር ቁጥሮች እያሰብኩ ነበር።

ተዓማኒነትና ተገቢነት (መለኪያው ወጥ መሆኑና መለካት ያለበትን መለካቱ) የሚባሉት የመለኪያ ባሕርያትም እንዲሁ ሳያስቸግሩኝ ገቡኝ። ማይክሮሜትሩ ሲዘጋ ዜሮ ማንበብ ሲገባው 0.03 ካነበበ፣ ሺህ ጊዜ ብትለኩ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሰጣችኋል። ወጥ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ማሽኒስት ማይክሮሜትሩን ከመጠቀሙ በፊት ዜሮውን ያያል። በሳይኮሎጂ በኩል የማዝነው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ መጠይቅ በችኮላ ተተርጉሞ ሲበተን፣ የወሎ ገበሬ ጥያቄውን እንዴት እንደሚረዳው ሳይፈተሽ ቁጥሩ ተደምሮ «የጭንቀት መጠን» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ዜሮው አልታየም። ቶርኖ ቤት ውስጥ እንዲህ የለካ ልጅ ማይክሮሜትሩን ይቀማል።

ደኅንነትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ሥራውን የሚይዘውን ቻክ ያጠበቁበትን ቁልፍ እዚያው ሰክቶ ማሽኑን ማስነሳት አደገኛ ነው፤ ቁልፉ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። በየግድግዳው «ተጠንቀቅ» ተብሎ ተለጥፏል። ሳይኮሎጂ ያስተማረኝ ግን እንዲህ ያለው መዘንጋት የሚደርሰው ሥራውን በሚገባ በሚያውቅና ሐሳቡ ወደ ቀጣዩ እርምጃ በሄደበት ሰው ላይ መሆኑን ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ከሰነበተ ዓይን ይዘለዋል። የሚያድነው እጅ ከቁልፉ ሳይለቅ ቁልፉን ማውጣት የሚል ልማድ ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ እጅ ሲለቀው በራሱ ተስፈንጥሮ የሚወጣ፣ ስፕሪንግ ያለው ቁልፍ ነው። በነገራችን ላይ ጓንትም ቶርኖ ላይ ክልክል ነው፤ ሻሽ የምታስሩ እህቶች ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቡት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቀድማችሁ የራሳችሁን ካሊፐር (ተንሸራታች የልክ መለኪያ) ግዙ። ማይክሮሜትር ከኮሌጁ ይገኛል። ማሽን በወረፋ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። እንዲህ ባሉ ሰዓታት ሌሎች ወደ ሻይ ቤት ሲሄዱ እኔ ሥዕል አነብና የዙር ፍጥነት አሰላ ነበር። ለምሳሌ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ብረት በደቂቃ 30 ሜትር እንዲቆረጥ ከተፈለገ ቶርኖው በደቂቃ ወደ 240 ጊዜ መዞር አለበት። ይህን በቃሌ ስለያዝኩ ወረፋዬ ሲደርስ ጊዜ አላባክንም።

ሳይኮሎጂ የማይሰጠውንም ልናገር። የሰው ሐሳብ አላነብም። አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ጀባ ሲባል አንዲት ጎረቤት ልጃቸውን ጠርተው «እስቲ ይህን ልጅ እዪልኝ፣ መድኃኒትም ጻፊለት» ይሉኛል። መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። የሥራ ባልደረቦቼንም አልመረምርም፤ ከክፍል የያዝኩትን ስም ሰው ላይ ስለጥፍ ብገኝ ቶርኖ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ አይኖርም ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌ ቶርኖ ቤቶች ለማጅ ልጆችን እንዴት እንደሚያስተምሩ ይመለከታል። መጠይቅ አዘጋጅቼ ሥልጠና ወደወሰድኩበት ቤት ስሄድ ባለቤቱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱልኝ። «ከአንድ እስከ አምስት ምረጥ የሚለው ለእኔ አይሆንም። ቁጭ በይና ጠይቂኝ።» አማካሪዬ ጋር ተነጋግረን ጥናቱን ወደ ቃለ መጠይቅ ቀየርነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለማጁ ስለት ሲስል እርስዎ ዓይንዎ የት ላይ ነው?» የሚል ነው፤ እስካሁን ካነጋገርኳቸው ባለሙያዎች አብዛኞቹ የመለሱልኝ እጁን ሳይሆን አቋቋሙን እንደሚያዩ ነው።