ኪዮቶ ላይ እንግዳ መሆን

ኅዳር፣ ኪዮቶ

ጃፓን ከመምጣቴ በፊት የሰማሁት ምክር ሁሉ እጅ ስለ መንሣት ነበር። እዚህ ግን ከውጭ አገር ሰው የተስተካከለ እጅ መንሣት የሚጠብቅ አላየሁም፤ አንገትን ሰበር ማድረግ ይበቃል። የሚጠበቀው ሌላ ነው፦ መንገድ አለመዝጋት፣ ድምፅ አለማብዛት፣ ለሌላው ሥራ አለመፍጠር። አክብሮቱ ጮክ ያለ ሕዝብ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ይባላል እንጂ አይተውም።

ዛሬ ባቡር ውስጥ እያለሁ እናቴ ደወለች። ባቡር ላይ ስልክ ማናገር ነውር ስለሆነ ወርጄ መልሼ ደወልኩላት። ነገሩን ስነግራት «ታዲያ ሰዎቹ መቼ ነው የሚጫወቱት?» አለችኝ።

ጫማ ማውለቁ አላስቸገረኝም፤ ቤተ ክርስቲያን አስለምዶናል። የሚያስቸግረው ነጠላ ጫማው ነው። በር ላይ የሚሰጡህን አድርገህ ትገባለህ፤ ታታሚ የሚባለው የገለባ ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ስትደርስ እሱንም ታወልቃለህ፤ መጸዳጃ ቤት ደግሞ የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፣ እዚያው ይቀራል። የተቀደደ ካልሲ ይዞ መምጣት አይመከርም።

ማዕድ ላይ ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ሽቅብ መሰካት ለሙታን የሚደረግ ነው። ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀበልም ከአስከሬን ቃጠሎ በኋላ ዘመዶች አጥንት የሚያነሱበትን ሥርዓት ያስታውሳል። ማጉረስ የለመደ ሰው እጁን ይያዝ፤ ካማረው በትንሽ ሳህን ያድርግለት። ለአስተናጋጅ ትርፍ ገንዘብ መተው የተለመደ አይደለም። ሂሳብም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ባለችው ትንሽ ትሪ ላይ ይቀመጣል እንጂ እጅ ለእጅ አይደለም።

ቆሻሻ መጣያ ፍለጋ ብዙ ዞርኩ። በ1995 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን በተባለ መርዛማ ጋዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ከብዙ ቦታ ተነሥቷል አሉ። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ፌስታል አለ፤ የቀኑ ቆሻሻዬ አብሮኝ ሆቴል ይገባል።

ጊዮን በተባለው የኪዮቶ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወደ አንዳንድ የግል መተላለፊያዎች መግባት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎብኚ ተከልክሏል፤ የገባ 10,000 የን ይቀጣል። ጎብኚዎች ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ጌይኮዎችንና ማይኮዎችን (በባህላዊ ዘፈንና ውዝዋዜ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶችንና ሠልጣኞቻቸውን) እያሳደዱ ፎቶ ማንሣት፣ ልብሳቸውን መንካት ሳይቀር ጀምረው ነበር። ማስታወቂያውን ሳነብ ደስ አለኝ። ላሊበላ ላይ ጸሎት መሐል ካሜራ ፊታቸው ላይ የሚደቀንባቸውን እናቶች አይቻለሁና።

ያልወደድኩት ሕግ የፍል ውኃ ቤቶቹ ነው። ተቀምጦ በሚገባ ታጥቦ መግባቱ፣ የዋና ልብስ አለመልበሱ፣ ፎጣን ውኃው ውስጥ አለመንከሩ ይገባኛል። ነገር ግን ንቅሳት ያለበት ሰው ብዙ ቦታ አይገባም፤ ምክንያቱ ንቅሳት የያኩዛ ወንበዴዎች ምልክት ሆኖ መቆየቱ ነው። በዚህ ሒሳብ አንገቷን የተነቀሰችው አያቴ በወንበዴነት ተጠርጥራ ልትመለስ ነው! የሚፈቅዱም፣ በፕላስተር ሸፍኑት የሚሉም ስላሉ፣ ንቅሳት ያለው ሰው አስቀድሞ ደውሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ነገ ወደ ኦሳካ ነኝ። ቶኪዮ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ የሚቆመው በግራ ነው፣ ኦሳካ በቀኝ። እኔ ከፊቴ ያለውን ሰው አይቼ እቆማለሁ።