ለጣና ዳር ትንሽ ካሜራ ስመርጥ፦ ከሌንሱ ተነስቼ ወደ ካሜራው

ካሜራ ለመግዛት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከብራንድ ይጀምርና ሶኒ ወይስ ካነን፣ ኒኮን ወይስ ፉጂ ሲል ይከርማል። እኔ የጀመርኩት ባሕር ዳርና አካባቢዋ ምን እንደማነሳ፣ ከምን ያህል ርቀትና በምን ብርሃን እንደሆነ ወረቀት ላይ በመጻፍ ነው። ዝርዝሩ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ወገን በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በደቅ ደሴት ደግሞ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ያሉት የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ ቦታው ጠባብም ጨለማም ነው። በሌላ ወገን ሐይቁ አለ፤ የደንገል ታንኳው፣ ፔሊካኑ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ብቅ የሚለው ጉማሬ። እዚያ ብርሃን ሞልቷል፣ ነገሩ ግን ሩቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ሌንስ እሸፍናለሁ ያለ ሁለቱንም በግማሽ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ቀድሜ የወሰንኩት ሌንሱን ነው።

ከባዱ ሥዕሉ ነውና ከእሱ ልነሳ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው የሚቆመው በዙሪያው ባለው መተላለፊያ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ልበል ሲል ጀርባው ግድግዳ ይነካል። እዚህ ላይ የሌንሱን ስፋት በዓይን ከመገመት ማስላት ይሻላል፤ የሴንሰሩን (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለውን ሰሌዳ) ወርድ በሌንሱ ላይ በተጻፈው ሚሊሜትር (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል) አካፍሎ በርቀቱ ማባዛት ብቻ ነው። ከ3 ሜትር ላይ፣ 17.3 በ13 ሚሜ የሆነው የማይክሮ ፎር ሰርድስ ሴንሰር በ12 ሚሜ ሌንስ 4.3 ሜትር ወርድና 3.25 ሜትር ቁመት ይይዛል። 23.5 በ15.6 ሚሜ የሆነው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ተለቅ ያለ ሴንሰር ደግሞ በ18 ሚሜ ሌንስ 3.9 በ2.6 ሜትር ነው የሚይዘው። ወርዱ ብዙም አይራራቅም፤ ቁመቱ ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ያንሳል፤ ከላይ አክሊሉ ወይም ከታች የፈረሱ እግር ይቀራል ማለት ነው። ካሜራውን ሽቅብ ማቅናት መፍትሔ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የሥዕሉ ጎኖች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ በኋላ በኮምፒውተር ሲቃና ከዳር እስከ ዳር ብዙ ይቆረጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስፈርቴ በ35 ሚሜ ፊልም ሚዛን (የማይክሮ ፎር ሰርድስ ሌንስ ቁጥር በሁለት ሲባዛ) ከ24 ሚሜ የሚጀምር ሌንስ ሆነ።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። ፍላሽ ይቅር፤ ለሥዕሉም አይበጅም፣ አይፈቀድምም። በሮቹ ተከፍተው ከውጭ በሚገባው ብርሃን ብቻ ሲሠራ፣ ጨለም ባለው ጥግ ኤፍ 4 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን ይጨምራል) ላይ 1/15 ሰከንድ የሹተር ፍጥነትና አይኤስኦ 3200 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፤ ሲጨምር ፎቶው ነጠብጣብ ያበዛል) ገደማ ይጠይቃል። ከካሜራ ጋር በጥቅል የሚሸጡት ትንንሽ ዙሞች ትንሽ ሲሳቡ ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳሉ፤ ያው ፎቶ 1/8 ሰከንድ ይፈልጋል። የሴንሰር ማረጋጊያ የሌለውን ካሜራ በ24 ሚሜ እይታ በእጅ ለመያዝ 1/30 የተለመደው ወሰን ነው፤ ከዚያ በታች መደብዘዝ ይጀምራል። የሰው ዓይን ጨለማውን ስለሚለምድ ሥዕሉ በደንብ የበራ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ቤቱ ሄዶ ፎቶውን ሲያሰፋ ነው የሚያዝነው።

በመጨረሻ የተፎካከሩት ሁለት ጥምረቶች ናቸው። አንደኛው፣ የ24 ሚሜ መስፈርቴን ባያሟላም፣ ሶኒ ኤ6400 ከሲግማ 18-50 ሚሜ ኤፍ 2.8 ጋር፤ 403 እና 290፣ ድምሩ 693 ግራም። ሁለተኛው በ2022 የወጣው ኦኤም ሲስተም ኦኤም-5 ከ12-45 ሚሜ ኤፍ 4 ጋር፤ 414 እና 254፣ ድምሩ 668 ግራም። ክብደታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ባሕርያቸው ግን የተለያየ ነው። የሶኒው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ከኦኤም-5 ማይክሮ ፎር ሰርድስ በስፋት 1.6 እጥፍ ይበልጣል፤ ሌንሱም ሁለት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በተመሳሳይ የሹተር ፍጥነት ፎቶው በግልጽ ያነሰ ነጠብጣብ ይኖረዋል። ነገር ግን ካሜራውም ሌንሱም ማረጋጊያ የላቸውም። ኦኤም-5 ሴንሰሩን የሚያረጋጋበት ዘዴ ስላለው በ12 ሚሜ 1/4 ሰከንድን ትንፋሽ ይዞ፣ ክርንን ከጎን አጣብቆ በእጅ ማንሳት ይቻላል። ያን ጊዜ አይኤስኦው ከ3200 ወደ 800 ይወርዳል። ሥዕል አይንቀሳቀስም፤ ለእኔ ሚዛኑን ወደ ኦኤም-5 የደፋው ይህ ነው።

የሰው ፎቶ የሚያስቀድም ሰው በዚሁ ስሌት ተቃራኒውን መምረጥ አለበት። የሚራመድ ዲያቆን 1/4 ሰከንድ ላይ ጭጋግ ነው የሚሆነው፤ ማረጋጊያ የሚያረጋጋው የእኛን እጅ እንጂ የእሱን እርምጃ አይደለም። ለዚህ ነው 17 ሚሜ ኤፍ 1.8 የሆነችውን 120 ግራም ሌንስ የጨመርኩት። ከኤፍ 4 አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ስለምታስገባ 1/15 የነበረው ወደ 1/80 ይጠጋል። ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጨዋነት ይመቻል፤ መብራቱ ፍሎረሰንት ወይም ርካሽ ኤልኢዲ ከሆነ ግን ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማድረግ፣ ካልሆነም በመደበኛው ሹተር መሥራት ያድናል። የበሩ ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን ቀለማቸው ስለማይገናኝም፣ በኋላ እንዲስተካከል በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) አነሳለሁ።

ወደ ሐይቁ ስንወጣ ጉዳዩ ርቀት ነው። የመረጥኩት 40-150 ሚሜ ኤፍ 4-5.6 ነው፤ 190 ግራም ብቻ ሆኖ በፊልም ሚዛን 300 ሚሜ ይደርሳል። ምን እንደሚችልና እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዓሣ አዳኝ ንስር 30 ሜትር ላይ ዛፍ ላይ ቢቀመጥ በ150 ሚሜ ሴንሰሩ ላይ 3.5 ሚሜ ቁመት ይኖረዋል፤ የፎቶውን ሩብ ያህል። ንስሩን ከነዛፉና ከነሐይቁ ለማሳየት በቂ ነው። ላባ ለመቁጠር የሚፈልግ ግን ለሶኒ 70-350 ሚሜ ያለው ዓይነት 625 ግራም ሌንስ ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ካሜራ የሚለው ነገር ቀረ። እኔ ላባውን ትቼዋለሁ።

ጀልባ ላይ አብዛኛው የደበዘዘ ፎቶ ምክንያቱ ሞተሩ ነው። ክንዱን የጀልባው ጠርዝ ላይ ያስደገፈ ሰው የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ ሌንሱ ያስገባል፤ ማረጋጊያውም ይህን ፈጣን ንዝረት አይችለውም። ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ክርንን ሰውነት ላይ አጣብቆ፣ ሹተሩን 1/800 ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ። ከቀኑ ብርሃን አንጻር አይኤስኦ 400 ይበቃል። ፎከሱ ደግሞ የውሃውን ብልጭታ እያሳደደ ታንኳውን ሊስት ይችላል፤ ሰፊውን የፎከስ ክልል ትቶ በመሐል ባለች ትንሽ ነጥብ ቀዛፊው ላይ መያዝ ይሻላል።

ይኸው የሐይቅ ብርሃን አንዳንድ ካሜራዎችን ከነጭራሹ አስወጣብኝ። ኒኮን ዚ30 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ቀላልና ጥሩ ናቸው፤ በዓይን የሚያዩበት መስኮት ግን የላቸውም። 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ጀልባ ላይ፣ ከኋላ ባለው ስክሪን ምን እየተነሳ እንደሆነ መለየት ግምት ብቻ ነው። ካነን አር50 መስኮት አለው፣ 375 ግራም ነው፤ አብሮት የሚሸጠው 18-45 ሚሜ ግን ከኤፍ 4.5 ስለሚጀምር ለዘጌ አይሆንም። ፉጂ ኤክስ-ኤስ20 ከ18-55 ሚሜ ጋር በጣም ደስ የሚል ጥምረት ነው፤ ባትሪው ከሁሉም ይበልጣል፤ 801 ግራም ሆነና ተውኩት። ይህ የጠባይ ጉዳይ ነው፤ 130 ግራም የማይከብደው ሰው ፉጂውን ቢወስድ አልከራከረውም።

አቧራና የውሃ ፍንጣቂ እንዳይገባ የታሸገው ኦኤም-5 እና 12-45 ሚሜው ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለት ሌንሶች አይደሉም። ጢስ ዓባይ ዘንድ በክረምት ፏፏቴው ሞልቶ ጭጋጉ ሲወረወር የማወጣው 12-45 ሚሜውን ብቻ ነው። የታሸገ ካሜራ ላይ ያልታሸገ ሌንስ ከተገጠመ ውሃው የሚገባው በሌንሱ በኩል ስለሆነ ጥቅም የለውም። ሌንስ የምቀይረው የብስ ላይ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቼ፣ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ነው።

ከተጨማሪ ዕቃ ሁሉ ገንዘቡን የሚመልሰው ፖላራይዘር ፊልተር ነው። 12-45 እና 40-150 ሁለቱም 58 ሚሜ ስለሚቀበሉ አንድ ይበቃል። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቆርጠው ሐይቁን ከአግድም 37 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቀው ሲያዩ ነው፤ ሰማዩን የሚያጠቁረው ደግሞ ፀሐይ በጎን ስትሆን። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች ጠዋት ወደ ሰሜን ሲያነሱ ፀሐይ በስተቀኝ ትሆናለች፤ ለፊልተሩ ከዚህ የተመቸ የለም። በጣም ሰፊ በሆነው 12 ሚሜ ግን ሰማዩ ከፊሉ ጥቁር፣ ከፊሉ ነጣ ያለ ይሆናል፤ ወደ 20 ሚሜ መሳብ ያስተካክለዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ስለሚበላ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት በፊት መንቀል አይረሳ።

ነጭ ነጠላና ጥምጣም የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ያታልላል። በዛፍ ጥላ ዳራ ፊት የቆመ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲነሳ ካሜራው ጥቁሩን ሊያበራ ሲል ጥለቱን ያጠፋዋል፤ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ መቀነስ ነው። ነጩ ልብስ ሙሉውን ፎቶ ከሞላው ደግሞ በተቃራኒው መጨመር፤ አለበለዚያ ነጩ ግራጫ፣ ፊቱ ጨለማ ይሆናል።

የኦኤም-5 ደካማ ጎን ባትሪው ነው፤ በካሜራ አምራቾች የጋራ መመዘኛ መሠረት 310 ፎቶ ያህል። ሦስት ባትሪ እይዛለሁ። መብራት ሲጠፋ ካሜራው በዩኤስቢ ስለሚሞላ 10,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ብክነቱ ተቀንሶ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላዋል። ገመዱ ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ አሁን አብዛኞቹ ስልኮች ታይፕ-ሲ ስለሆኑ ከሰው ልዋስ ማለት አያዋጣም። በአውሮፕላን ለሚመጣ ትርፍ ባትሪ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ነው።

ለክረምቱ እርጥበት፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የምግብ ፕላስቲክ ሳጥንና ቀለሙን የሚቀይር ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከውስጥ አስቀምጦ ከ40 እስከ 50 በመቶ ማቆየት። ቀለሙ ሲቀየር በ120 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሰዓት ማድረቅ። ሻጋታ ሌንስ ውስጥ ከገባ መስታወቱን ራሱን ይበላል።

ያገለገለ ለሚገዛ፣ የስልክ መብራት በሌንሱ ኋላ አብርቶ ከፊት ማየት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ዋጋው ምንም ቢቀንስ መተው። ኤፍ 16 ላይ ጥርት ያለ ሰማይ አንስቶ ማስፋት፤ ጥቁር ነጥብ በአየር መንፊያ ካልለቀቀ ሴንሰሩ ጽዳት ይፈልጋል። በ12 ሚሜ 1/4 ሰከንድ ላይ አምስት ፎቶ ማንሳት፤ ሁሉም ከደበዘዙ ማረጋጊያው ተበላሽቷል። ከታች የትራይፖድ ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለ በጣት መዳሰስ። ሶኒ የሚገዛ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የቋንቋውን ሜኑ ይክፈት፤ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ብዙዎቹ ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የላቸውም።